ስለ ፈረሰኛና ስለ ፈረሱ እግር

በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ስለ ልጆች የክረምት ልብስ ልንጽፍ አስበን ነበር። ዳሩ ግን ባለፈው ኅዳር ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ከአንበሳሜ ፍርድ ቤት በር ላይ አግኝተውን አንድ ነገር ጠይቀውን ነበርና፥ መልሱን እስከ ዛሬ ስላዘገየንባቸው የልብሱን ነገር ለሌላ ሳምንት አቆይተን ዕዳችንን ለመክፈል ቈረጥን። እናቲቱ ያሉን ይህ ነው፦ «የኔ ጌታ፥ እርስዎ መጽሐፍ ያያሉ። ታናሹ ልጄ ከፈረስ በቀር የሚያስበው ነገር የለውም። ፈረሰኛነት እንጀራ ይሆናልን? ወይስ ልጄ በከንቱ አንገቱን ሊሰብር ነው?»

እኛም መዝገብ በብብታችን ይዘን ስለ ነበር «ቈይተን እንነጋገርበታለን» ብለን አለፍን። ሰው የማያውቀውን ሲጠየቅ መዝገብ ይዞ መገኘቱ እጅግ ይጠቅመዋል።

የአገራችን ሰው ለፈረስ ያለው ክብር ለማንም የተሰወረ አይደለም። በቀድሞው ዘመን አንድ መኰንን ሲወደስ በአባቱ ባወጣለት ስም ብቻ ሳይሆን በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላም አባ ነጋ ተብለዋል። ከነዚህም የመዠመሪያው ንጉሥ ከተማቸው ደብረ ታቦር ስለ ነበረች፥ የፈረስ ፍቅር ለእኛ ለጎረቤቶቿ በርስትነት የደረሰን ይመስለናል። ይህን ግን የፋርጣና የጋይንት ሰዎች ቢሰሙት አይቀበሉንም፤ የጉናን ብርድ ያልለመደ ፈረስ ፈረስ አይደለም ይሉናልና።

በየዓመቱ ጥር 25 ቀን በደብረ ታቦር የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ሲከበር ፈረሰኛው ከየአውራጃው ይሰበሰባል። ቅዱሱን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ ጦሩን ወደ ታች ሲወረውር የምናየው ስለ ሆነ፥ በዕለቱ ጉግስ መጫወት ከበዓሉ የሚለይ ነገር አይደለም። ከዓባይ ማዶም በአዊ ምድር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ አባሎቹም በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ናቸው። እንግዲህ ከእኛ ወንዝ ወዲህም ወዲያም በአንድ ሳምንት ውስጥ የፈረስ ኮቴ የማይሰማበት ሜዳ የለም ማለት ነው።

የእናቲቱን ልጅ እናውቀዋለን፤ አባቱንም እናውቃቸው ነበር። በደራ ፈረሰኛ የሚሆን ልጅ ትምህርቱን የሚዠምረው በከብት ጥበቃ ነው። መዠመሪያ ያለ ኮርቻ ጋማውን ይዞ ወደ ውሃ ያወርደዋል፤ ይወድቃል፤ ልብሱን አራግፎ እንደ ገና ይወጣል። ኮርቻ የሚፈቀድለት በጭኑ ሚዛን መጠበቅን ካወቀ በኋላ ነው። አባትዮው እርካባቸውን እንደ ጥንቱ ሰው በባዶ እግራቸው በአውራ ጣታቸው ብቻ ይይዙት ነበር፤ ስለ ምን ቢሏቸው «ስወድቅ ፈረሱ ይዞኝ እንዳይሄድ ነው» ይሉ ነበር። «ብወድቅ» አላሉም፤ «ስወድቅ» ነበር የሚሉት። ልጃቸውንም ሶምሶማውን ከሽምጡ መለየትን፥ ሲያሳድድ ዘንግ መወርወርን፥ ሲሳደድ በፈረሱ አንገት ላይ ተጣጥፎ በጋሻ መመከትን አስተማሩት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያስተማሩት ከፈረስ መውረድን ነው። ቁልቁለት ሲያገኝ ይወርዳል፤ ላቡ ሳይደርቅ ውሃ አያጠጣውም፤ ኮርቻውን ሲያወርድ ጀርባውን በእጁ ይዳስሳል፤ እርሱ እራት ሳይበላ ፈረሱ ገብሱንና ድርቆሹን መብላቱን ያያል። ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው በመርቆሬዎስ ሜዳ ገባ። ከዚያ ወዲህ የቀረበት ዓመት አልነበረም።

አባትዮው ሲሞቱ ሁለት ወንዶች ልጆች፥ ጥቂት ማሳ፥ አንድ ጥማድ በሬና አንድ ቡላ ፈረስ ተዉ። ማሳውና በሬው ተከፈለ። ፈረስ ግን ለሁለት አይከፈልምና ነገሩ እኛ ዘንድ መጣ።

ታላቅየው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ እንለምናለን፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጻፍ ታላቅ ወንድም ሁልጊዜ ስስታም ሆኖ ይገኛልና። አራት ልጆች አሉት፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፤ አባቱን በበሽታቸው ጊዜ ያስታመመ እርሱ ነው። አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን ሊገዛው ዋጋ ነግሮት ነበር። በዳኛው ፊት «ሜዳውም ፈረሱም ይኸው ይባላል፤ የእኔን ልጆች ግን ሜዳውም ፈረሱም አያበላቸውም» ሲል እኛ ቃሉን እየጻፍን ልባችን ወደ እርሱ አዘንብሎ ነበር። ታናሽየው ደግሞ ሲጠየቅ ረዥም ነገር አልተናገረም፤ «ጋሪ ላይ እንዳላየው ብቻ ነው» አለ። ያንንም ጻፍነው።

በሁለቱም ፈቃድ ነገሩ ለሽማግሌዎች ተሰጠ። ሽማግሌዎቹም ፈረሱን 30,000 ብር ገመቱት። ታናሽየው ፈረሱን ይይዛል፤ ለወንድሙ ግማሹን 15,000 ብር በሦስት ጊዜ ይከፍላል፤ የመዠመሪያው ክፍያ ግን እስከ ጥር መጨረሻ ካልተከፈለ ፈረሱ ለባለ ጋሪው ይሸጣል፤ ይህን ወስነው ውሉን በእኛ እጅ አስጻፉ። ልጁ ገንዘብ አልነበረውም። ተስፋው ሁሉ አንድ የደብረ ታቦር ባለ ጸጋ ነበር። እኒህ ሰው ፈረሱን በመርቆሬዎስ ሜዳ ሲሮጥ አይተው ከወደዱት ለድቀላ ሊጠቀሙበት ቀብድ እንከፍላለን ብለው ነበር። እናቲቱም በኅዳር በር ላይ የያዙን ስለዚህ ነው፤ ሁለቱም ልጆቻቸው ናቸውና።

እኛም መልስ ለመስጠት በውጭ አገር ፈረሰኛ እንዴት እንደሚኖር ከመጻሕፍት እንፈልግ ዠመር። በአውሮፓ የሦስት ቀን የፈረስ ውድድር የሚባል አለ። የተፈለሰፈው ለወታደር ፈረስ ፈተና ሲሆን፥ የፈረንሳይ ፈረሰኛ ጦር በ1902 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በፓሪስ አደረገው፤ በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ገባ። በመዠመሪያው ፈተና ፈረሱ በሜዳ ላይ ዕርምጃውን እየለዋወጠ ለጌታው መታዘዙን ያሳያል። በሁለተኛው በዱርና በገደላገደል፥ በግንድና በውሃ ላይ እየዘለለ ይጋልባል። በሦስተኛው ከድካሙ በኋላ በአጥር ውስጥ ቀጫጭን እንጨቶች ሳይጥል ይዘላል። ታዛዥነት፥ ድፍረትና ጽናት በአንድ ፈረስ ላይ ይፈለጋሉ ማለት ነው። አንዱን ብቻ ያለው ፈረስ በእኛም አገር ሞልቶአል።

በቀድሞው ዘመን በኦሊምፒክ በዚህ ውድድር ከሚገቡት የሚበዙት ባለ ማዕርግ መኰንኖች ነበሩ። በዚህ ነገር እንደ እኛ ያለ የፍርድ ቤት ሰው የማይረሳው አንድ ታሪክ አለ። በ1948 በለንደን በታዛዥነት ግልቢያ የስዊድን ቡድን አንደኛ ወጥቶ ወርቅ ከተሸለመ በኋላ፥ ከሦስቱ አንዱ ፔርሶን የሚባለው ለውድድሩ ሲባል ብቻ መኰንን ተደርጎ ወዲያው ወደ ቀድሞ ማዕርጉ እንደ ተመለሰ ታወቀ። በሚከተለው ዓመት ወርቁ ከቡድኑ ተወሰደ። በ1952 ደንቡ ተለውጦ ያው ሰው ከነባልንጀሮቹ እንደ ገና አንደኛ ወጣ። ሰውየው ያው፥ ችሎታው ያው፤ ወረቀቱ ብቻ ተለወጠ። በዚያው በ1952 ሴቶች በታዛዥነቱ ግልቢያ ገቡና፥ በልጅነት ልምሻ ምክንያት ከጕልበቷ በታች እግሯ የማይታዘዛት የዴንማርክ ሴት ሊስ ሃርቴል ሁለተኛ ወጣች። በሦስት ቀኑ ውድድር ግን ሴት እስክትገባ እስከ 1964 ቈይቶአል። ይህን የጻፍነው ገጻችንን የሚያነቡ ሴቶች ልጆች እንዳሉ ስለምናውቅ ነው።

እንጀራ ስለ መሆኑ ግን ከሁሉ የጠቀመን የኒው ዚላንዱ የማርክ ቶድ ታሪክ ነው። ይህ ሰው የወተት ላም ያረባ የነበረ ሲሆን፥ ካሪዝማ በሚባል ትንሽና ሆዳም ፈረስ በ1984 በሎስ አንጀለስ፥ በ1988ም በሴውል አንደኛ ሆነ። በሴውል ጊዜ ፈረሱ 16 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዐረፈ፤ በ30 ዓመቱም ሞተ። ጌታው ግን ፈረስ እየለወጠ በ2012 በለንደን በ56 ዓመቱ ከቡድኑ ጋራ የነሐስ ሜዳይ ተቀበለ። ከእርሱ በላይ ደግሞ የጀርመኑ ሚካኤል ዩንግ በ2012፥ በ2016ና በ2024 ሦስት ጊዜ ብቻውን አንደኛ ወጥቶአል። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት በሽልማት አይደለም፤ የሰው ፈረስ በመግራት፥ ሌላውን በማስተማር፥ ያሠለጠኑትንም በመሸጥ ነው። ለእናቲቱ የምንላቸው እንግዲህ ተገኘ ብለን ደስ አለን። ከነዚህ መጻሕፍትም የአንድ የጀርመን መኰንን ታሪክ እጅግ ወደድን፤ እርሱንም ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

ጥር 22 ቀን ማታ ልጁ ቤታችን መጣ። ፈረሱን እየሳበ ወደ ደብረ ታቦር ሊነሣ ሲል የፊት ቀኝ እግሩን ሲያሳርፍ አየውና ሰኮናውን ቢያነሣ ድንጋይ ወግቶት ቈስሎ አገኘው። ከቁርጭምጭሚቱም በላይ ሞቅ ሞቅ ይል ነበር። ወጥተን በፋኖስ አየነው። ፈረሱ ሲራመድ ነገሩ ለማያውቅ ሰው የሚታይ አልነበረም፤ እኛም አላየነውም፤ እርሱ ነው ያሳየን።

እኛም እንዲህ መከርነው፦ «እግሩን በጨው ውሃ አጥበህ በጨርቅ አጥብቀህ እሰረው። ቀስ ብለህ ሳበው። በሜዳው አንድ ዙር ብቻ አሳያቸው፤ ቀብዱን ትቀበላለህ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪድን ይረፍ። አለዚያ ውሉን ታውቀዋለህ።» ልቡን ለማጽናትም የዚያን የጀርመን መኰንን ታሪክ ነገርነው። በ1936 በበርሊን ፎን ዋንገንሃይም የሚባል መኰንን በዱር ግልቢያው ወድቆ የትከሻው አጥንት ቢሰበርም ተመልሶ ወጥቶ ጨረሰ። በማግሥቱም ክንዱን በጨርቅ አስሮ ለዝላዩ ቀረበ፤ በዚያም ፈረሱ ከላዩ ወደቀበት፤ እርሱ ግን ተነሥቶ እንደ ገና ተቀምጦ ስለ ጨረሰ ቡድኑ አንደኛ ወጣ።

ልጁ ጸጥ ብሎ ሰማን። ሲጨርስም «ፈረሱስ?» አለ።

«ፈረሱ ምን?» አልነው።

«ሰውየውስ ትከሻው ተሰበረ፤ እርሱ ያውቃል። ፈረሱ ምን ሆነ? የሌሎቹስ ፈረሶች?»

መልስ አልነበረንም። መጽሐፉን ስናነብ ያንን አልጠየቅነውም ነበርና። ልጁ «አያ፥ አባቴ ሲያነክስ አይቀመጡበትም ነበር» ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ። ሌሊቱንም አልተኛንም፤ እውነቱን ለመናገር ከማዘን ይልቅ ተቈጥተን ነበር፤ በዕድሜያችን ምክራችን ሲመለስብን አልለመድንምና።

ከበዓሉም በፊት መጽሐፉን እንደ ገና ገለጥነው። በዚያ በበርሊን ውድድር ሦስት ፈረሶች ሞተዋል። በ1964 በቶኪዮ ለመዠመሪያ ጊዜ ሴት ስትገባ፥ የአሜሪካይቱ ላና ዱፖንት ፈረስ ወድቆ የመንጋጋው አጥንት ተሰብሮ ሳለ እስከ መጨረሻው ጋልባዋለች፤ ሰዎችም ጽናቷን አመሰገኑ። ያ ዘመን ስለ ፈረሱ ብዙ አይጠይቅም ነበር። ዛሬ ግን ውድድሩ ሳይዠመር ፈረሶቹ በሐኪምና በዳኞች ፊት በልጓም ተስበው እየሮጡ ይታያሉ፤ ከዱር ግልቢያው በኋላም በመጨረሻው ቀን ጧት እንደ ገና ይታያሉ። ያነከሰ ፈረስ፥ ጌታው እስከዚያ ሰዓት አንደኛም ቢሆን፥ አይቀጥልም። በዱር ግልቢያውም ሰውየው ከወደቀ ያን ቀን ውድድሩ አበቃለት። እኛ ያደነቅነው መኰንን ዛሬ ቢሆን ወደ ሐኪም ይወሰድ ነበር እንጂ ወደ ኮርቻ አይመለስም።

ስለ ማርክ ቶድም ያላነበብነው ገጽ ነበር። በ2022 ይህ የተመሰገነ ሰው በማስተማር ላይ ሳለ ወደ ውሃ አልገባም ያለ ፈረስን በዛፍ ቅርንጫፍ ደጋግሞ ሲመታ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ታየ። በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ አገር የእሽቅድምድም ፈረስ ለማሠልጠን የነበረውም ፈቃድ ለወራት ታገደበት። ዐርባ ዓመት በፈረስ ጀርባ የኖረ ሰው እንኳ እንዲህ ይሆናል።

በእኛ አገር ጉግስ በሜዳው አፍ ላይ ቆሞ የፈረስ እግር የሚያይ ሐኪም አላየንም። የሚያየው ፈረሰኛው ራሱ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ደንብ የሚሠራውን ሥራ እኛ ዘንድ አንድ የሃያ ጥቂት ዓመት ልጅ ውል በኪሱ ይዞ በፋኖስ ብርሃን ብቻውን ይሠራዋል።

ፈረሱን በመንገድ አሳርፎ እያሳደረ፥ ሳይቀመጥበት፥ በቀስታ እየሳበ ደብረ ታቦር ደረሰ። እኛም በመኪና ደርሰን ነበር። ጥር 25 ቀን ጓደኞቹ በሜዳው ሲሽቀዳደሙ፥ አቧራው ሲነሣ፥ ሴቶቹ እልል ሲሉ፥ እርሱ ፈረሱን ኮርቻና ግላስ አልብሶ ልጓሙን ይዞ ከሜዳው ዳር በእግሩ ሲሄድ አየነው። አንዳንድ ጐረምሶች «ኮርቻው ለማን ነው?» ብለው ሳቁበት። ባለ ጸጋው ሰውም መጥተው ፈረሱን ዙሪያውን አይተው የቈሰለውን እግር አነሡና «ለዓመት ያድርሰን» ብለው ሄዱ። ቀብድ አልሰጡም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ልጁ ወደ አንበሳሜ ተመልሶ የአባቱን ጋሻ፥ የራሱን ጋቢና ከማሳው ድርሻ የደረሰውን ጤፍ ሸጠ። የጐደለውን በአንድ የግንብ ሥራ ድንጋይ በመሸከም ሞልቶ ጥር 30 ቀን ከሰዓት በኋላ 5,000 ብር ይዞ ጽሕፈት ቤታችን ገባ። ታላቅየው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቈጠረው፤ ከዚያም «እግሩ እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ታናሽየው «ይሻለዋል» አለ። ሌላ ነገር አልተባባሉም። ፈረሱ በዐቢይ ጾም መካከል ዳነ፤ ግን ሽምጡ እንደ ቀድሞው አልተመለሰለትም። ልጁ ለሚመጣው ጥር ሌላ ሰው ያደረበትን ውርንጫ በመግራት እኩል ሊካፈል ተስማምቶአል፤ ከመጋቢትም ወዲህ የሁለት ሰዎችን ፈረስ በክፍያ ይገራል።

እናቲቱ ሆይ፥ ፈረሰኛነት እንጀራ ይሆናልን ብለው ጠይቀውን ነበር። እስከ አሁን ለልጅዎ የሆነለት ገንዘብ ይህ ነው፤ የግንቡ ድንጋይ ከፈረሱ የበለጠ ከፍሎታል። አንገቱን ስለ መስበሩ ግን እንደ ወትሮው ከመስጋት በቀር የምንልዎ የለንም፤ ወጣቱ ውርንጫ ክፉ ይራገጣልና።

የሁለተኛውን ክፍያ ደረሰኝ በሚያዝያ መጨረሻ ጽፈን ለሁለቱም አስፈርመናል። ሦስተኛው 5,000 ብር ለሰኔ 30 ነው።